የአስመሬዋ ቁራጭ

ሚያዝያ 14 ቀን 1981 ዓ.ም.

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ግቢው ቀይ ጭቃ... ከጫማ አይለቅ፣ ከምንጣፍ አይለቅ።

ጉግሳ በጊዜ ገባ። ቦት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወንበር ላይ ወጣ፣ የአበባችንን፣ የአስመሬዋን ቅጠል ሊወለውል። ጣሪያ ነክታ ወደ መስኮቱ ዞራለች። "ሻምበል፣ ወታደሮችህ ቢያዩህ ምን ይላሉ?" አልኩት። "ቀጥ ብለው ሰላምታ ይሰጧታል" አለ።

አስመራ ሳለ ከሆነ ሰው ቤት ለምኖ ያመጣት ቁራጭ ናት። በእርጥብ ከረጢት ጠቅልሎ፣ በባዶ የጥይት ሳጥን። ያኔ ክንድ አትሞላም ነበር። አሁን አንዱ ቅጠሏ ትሪ ያህላል፤ ዳር ዳሩ እንደ ጣት የተሰነጣጠቀ፣ መሃሉ ቀዳዳ ቀዳዳ። ነገሌ ውስጥ እንዲህ ያለ አበባ ሌላ ቤት አላየሁም። ልጅ የለንም። ሰው "የሻምበል ልጅ እንዴት ናት?" ሲል ስለ እሷ ነው።

በዛብሽ ከጎን ቤት መጣች። ባሏ የመቶ አለቃ ነው፣ ከጉግሳ ሥር። እኔና እሷ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፤ ጨውም በርበሬም በዚያው ግድግዳ ላይ ነው የምንቀባበለው። "የሰጣችሁኝ ቅጠል በሰበሰ" አለች።

ጉግሳ ሳቀባት። "ቅጠል ብቻ ነዋ ቆርጠሽ የወሰድሽው! ቅጠል ብቻውን ምን ያድርግ? ይቺን አየሻት፣ አንጓዋን? ሥር የሚወጣው ከዚህ ነው። ከአንጓው በታች ነው የሚቆረጠው።" ዝናቡ ሲያባራ እራሱ ሊቆርጥላት ቃል ገባ።

ግንቦት 9

ራዲዮው ማርሽ ብቻ። አዲስ አበባ አንድ ነገር ሆኗል ይላሉ። ጄኔራሎቹ... ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ጉግሳ ገብቶ ወጣ፣ ገብቶ ወጣ። ምሳውን አልበላም።

"አንተ የምታውቀው ነገር አለ?" አልኩት።

"ማወቅና አለማወቅ አንድ የሆነበት ቀን ነው" አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ግንቦት 14

ለስብሰባ ተጠራ። መኪና መጥቶ በር ላይ ቆመ። ሹራብ ልስጥህ ስለው "ነገ ማታ እመጣለሁ፣ ምን ያደርግልኛል?" አለ። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው ነበር። መሃላቸው አስገቡት።

ለስብሰባ የሚሄድ ሰው መሃል ይቀመጣል?

ግንቦት 17

አልመጣም።

ግንቦት 26

ቧንቧው ጋ ሴቶቹ ወረፋ ሲይዙ ሄድኩ። ዝም አሉ። ሁሉም ባልዲውን እያየ። በዛብሽ ልጇን ጎትታ ወደ ቤቷ ገባች፣ ባልዲዋን እዚያው ትታ። በግድግዳው በኩል ጠራኋት። ውስጥ መሆኗን አውቃለሁ፤ ስታስል እሰማታለሁ። አልመለሰችልኝም።

ሰኔ 6

የግቢው ባሻ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ዓይኑን ከእግሩ ሳያነሳ፦ "እትዬ ወለተሐና፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ... ቤቱ ለሥራ ይፈለጋል።"

"ለማን?"

እየተንተባተበ ነገረኝ። የጉግሳን ቦታ የያዘው የበዛብሽ ባል ነው። ቤቱም ለሱ።

ሰኔ 8

በዛብሽ መጣች። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ... ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ። ስለ ጉግሳ ትጠይቀኛለች ብዬ አፌን ከፈትኩ።

"አበባዋን እንዳለች ተዪልኝ" አለች። "አሁን ብትነቀል ትሞታለች። እኔ እይዛታለሁ።"

ስትወጣ በሩን አልዘጋሁም። እሷም አልዘጋችው።

ሰኔ 11

ቆረጥኳት። ሁሉንም። በሽንኩርት ቢላ፣ ከአፈሩ ጀምሬ። ግንዷ እንደ ሸንኮራ ወፍራም ነው፤ እየተገዘገዘ ውሃ ያወጣል። ከግድግዳው ሳላቅቃት የኖራው ቅብ አብሮ ወረደ። ለበዛብሽ የቀረላት ባዶ በርሜልና ጉቶ ነው።

ፈሳሿ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አሳከከኝ። አሁንም እያከክሁ ነው የምጽፈው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አላለኝም። ጉግሳ ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

ሰኔ 13

ሸምሳ ጋ ገባሁ። ገበያው ዳር ያለችው የጨርቅ ነጋዴ፤ ቀሚስ ሁሉ ከእሷ ነበር የምገዛው። የካምፕ ሴት ሁሉ ያውቃታል። ከሱቋ ጀርባ የጆንያ ማከማቻ የነበረች ክፍል አለች። ሳልጠይቃት ነው የጠራችኝ። መንገድ ላይ ሻንጣዬን ይዤ አየችኝና፦ "ወለታና፣ ነጋ? ሰላም ነሽ? የት ትሄጃለሽ? ነይ፣ ኮቱ፣ ግቢ።" ወለተሐና ማለት አይሆንላትም።

ባሏ ኦቦ ዓብዱልባሲጥ ደስ አላለውም። በኦሮምኛ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። መንግሥት፣ መንግሥት የሚለው ብቻ ገባኝ።

ደሴ ዘመድ አለኝ። ለምን አልሄድሽም የሚለኝ ሰው ቢኖር ምን እለዋለሁ? ከዚህ ከሄድኩ ጉግሳ የት ብሎ ያገኘኛል?

ቁራጮቹን ባገኘሁት ዕቃ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። የወተት ጣሳ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ብርጭቆ። ክፍሏ ጫካ መሰለች።

ሐምሌ 2

ይሸታሉ። መጀመሪያ አይጥ የሞተ መስሎኝ ጆንያ ሁሉ አገላበጥኩ። ቁራጮቹ ናቸው። ግንዳቸው ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ሙዝ ይላላል። ስነካው ቆዳው እጄ ላይ ቀረ።

ውሃ ቀየርኩ። ኦቦ ዓብዱልባሲጥ በር ላይ ቆሞ አየኝ። "ቢሻን! ውሃ ሰው የሚጠጣው ጠፍቶ፣ አንቺ ላበባ ትደፊያለሽ?" እውነቱን ነው። ውሃ የምታመጣው አህያ ሳትመጣ የምትውልበት ቀን አለ። ከዛሬ ጀምሮ የምታጠብበትን ቀንሼ ነው የምሰጣቸው።

ሐምሌ 9

አብዛኞቹን ጣልኩ። ጓሮ ስጥላቸው ፍየሎቹ እንኳ አሽትተው ሄዱ።

በቁጣ የተቆረጠ ነገር አይጸድቅም ይሆን? እንዲህ ማሰብ ጀምሬአለሁ... ሞኝነት ነው።

ሐምሌ 12

ገባኝ! እኩለ ቀን ላይ ጣቴን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። ውሃው ሻይ ሆኗል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጣሳው ቆርቆሮ። ለካ እየቀቀልኳቸው ነው።

የተረፉትን አወጣሁ። የጠቆረውን ጤነኛው ሥጋ እስኪመጣ ድረስ ቆራረጥኩ። ብዙዎቹ አንጓ አልቀራቸውም። አንዲት ብቻ፣ ከጎኗ እንደ ጅራት የተንጠለጠለ ቡናማ ሥር ያላት። ቁስሏን አመድ ቀብቼ ጥላ ላይ አሳደርኳት። ነገ ከእንስራው ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ በብርጭቆ አኖራታለሁ። እዚያ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

ሐምሌ 20

የጉግሳ ታናሽ ወንድም ኃይለማርያም ከአዲስ አበባ ደወለ። ቴሌ ድረስ ጠርተውኝ ሮጥኩ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

"ልብስ ወስጄ ነበር፣ እትዬ። ተቀበሉኝ።"

"አየኸው?"

"ማየት የለም። ግን ተቀበሉኝ። ገባሽ?"

ገብቶኛል። እስር ቤት ለሞተ ሰው ልብስ አይቀበሉም። እየተራመድኩ ይሁን እየበረርኩ አላውቅም፤ ቤት ደረስኩ። ሸምሳ ፊቴን አይታ ምንም ሳልነግራት "አልሐምዱሊላህ" አለች።

ነሐሴ 16

ነጭ ነገር! ከአንጓዋ ጎን፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። ትናንት አልነበረችም። ሸምሳን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ አጎንብሳ አየችና "ጥርስ አወጣ" አለች።

መስከረም 20 ቀን 1982 ዓ.ም.

ዛሬ አፈር ውስጥ ገባች። አሸዋ፣ የደረቀ የፍየል በጠጥ፣ ከጓሮው ቀይ አፈር። ሥሮቿ ሲነኩ ይሰበራሉ፤ በማንኪያ ነው አፈሩን ያለበስኳት።

ሱቁ ውስጥ ጨርቅ መለካት ጀምሬአለሁ። ከፊልቱ የመጡ ሴቶች ይሥቁብኛል፣ ክንዴ አጭር ነው እያሉ። እኔም ሣቅሁ። ከመቼ ወዲህ ነው የሣቅሁት?

ኅዳር 3

አዲስ ቅጠል ተፈታ። ልብ የመሰለ፣ ድፍን። መሰንጠቅ የለ፣ ቀዳዳ የለ። "ቀዳዳው የታለ?" አለች ሸምሳ። "ሌላ አበባ ነው እንዴ የመጣች?"

እኔም ሰጋሁ። ግን ጉግሳ ያመጣት ጊዜም እንዲህ ነበረች መሰለኝ። ልጅ ሆና ድፍን ናት። ቀዳዳው ስታድግ ነው የሚመጣው።

ጥር 11

ሸምሳ ዛሬ ነገረችኝ። በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ወንድሟን ሰርጎ ገብ ነው ብለው ወሰዱት። ከዚሁ ሱቅ። ጨርቅ ሲለካ። ሜትሩ እጁ ላይ ነበር አለች።

"ማን ወሰደው?"

"ወታደር ነዋ።"

ክው አልኩ። እኔ የወታደር ሚስት... የምተኛባት ክፍል፣ የምጠጣው ውሃ። "ታዲያ እኔን ለምን አስገቡኝ፣ አዴ ሸምሳ?" አልኳት።

"አንቺ ነሽ የወሰድሽው?"

ጨርቅ ማጠፏን ቀጠለች። "እኔ በር በር ሳይ ኖርኩ። አሁንም አያለሁ። በር የምታይ ሰው ብቻዋን ጥሩ አይደለም።"

ጉግሳ ያኔ እዚህ አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን እዚህ የነበረውም የአንዷ ባል ነው።

የካቲት 25

በዛብሽን ገበያ ላይ አየኋት። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ልታልፈኝ ብላ ተመለሰች። "ጉቶዋ አቆጥቁጣለች" አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣ ቲማቲም እየመረጠች። "ሁለት ቡቃያ።" ሄደች።

አልሞተችም... እንዴት? ከአፈሩ እኩል ነበር የቆረጥኳት።

መጋቢት 15

የበዛብሽ ባል ምጽዋ ላይ ቀረ። መርዶው ዛሬ ካምፕ ገባ።

መጀመሪያ የተሰማኝን እጽፈዋለሁ፣ ከማን እደብቃለሁ? "ቅመሺው" አልኩ። በልቤ። ከዚያ ተቀምጬ በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ፣ ጮክ ብዬ ያልኩት ይመስል።

መጋቢት 17

ለቅሶ ሄድኩ። ሸምሳ አብራኝ መጣች። የካምፑ ሴቶች ድንኳን ውስጥ ቦታ አስፍተው አስቀመጡን፣ ምንም እንዳልነበረ። በዛብሽ ድምጿ ጠፍቷል። ስታየኝ እጇን ዘረጋች። ያዝኩት። ይቅርታም አልተባባልንም፣ ሌላም።

ሚያዝያ 5

ባሻው እሷም ጋ ሄደ። ቤቱ ለሥራ ይፈለጋል። ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ወደ ጎጃም ልትሄድ ነው።

ዕቃ ላስርላት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ኖራው የወረደበት እንዳለ ነው፣ አላስቀባችውም። ከበርሜሉ ውስጥ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ቡቃያዎች። ቅጠላቸው ተወልውሏል፤ አቧራ የለበትም።

"አንቺ ነሽ የምትቆርጪው" አለችኝ። ቢላው እጄ ላይ ከበደኝ። አንዱን ከአንጓው በታች ቆረጥኩ፣ አመድ ቀባሁ፣ በእርጥብ ሻሽ ጠቀለልኩላት። "ፀሐይ እንዳይነካው። ውሃው እንዳይሞቅ።"

"ጉግሳን ያየሁት ቀን" አለች፣ "መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት... ባሌ መስኮቱን ዝጊ አለኝ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ አንቺን እንዴት ልይሽ?"

ጉቶዋን ከነሁለተኛው ቡቃያ ቆፍረን አወጣን። በጋሪ ወደ ሸምሳ ጓሮ አመጣኋት።

ግንቦት 18

ኃይለማርያም ደወለ። ልብሱን አልተቀበሉትም። "ተዛውሯል አሉኝ፣ እትዬ።"

"የት?"

"አልነገሩኝም።"

በራዲዮ የጄኔራሎቹን መረሸን ሰምተናል። ጉግሳ ጄኔራል አይደለም... አይደለም። ጥቁር አልለብስም። አዩኝ አላዩኝ፣ ማንም አያለብሰኝም።

ሐምሌ 7

ምንም የለም። የምጽፈውም።

ጥቅምት 30 ቀን 1983 ዓ.ም.

ጓሮው ሞላ። ከጉቶዋም ከልጇም እየቆረጥኩ አጸድቃለሁ። ሸምሳ በር ላይ አንዷን ስታስቀምጥ የመንገዱ ሴቶች ሁሉ ለመኑ። ለሻይ ቤቷ ቀድሪያ ሰጠኋት፤ ለክሊኒኩ ነርስም። አንዷ በጭነት መኪና ፊልቱ ድረስ ሄዳለች። ኦቦ ዓብዱልባሲጥ ዛሬ አንድ ጀሪካን ውሃ ጓሮ በር ላይ አስቀምጦ ገባ።

ሰው የአበባዋ ሴትዮ ይለኛል። የሻምበል ሚስት የሚለኝ እየጠፋ ነው። በሰላሙ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ግንቦት 22

መንግሥት ወደቀ። ካምፑ ባዶውን ነው። ወታደሩ በእግርም በመኪናም ወደ ሞያሌ እየጎረፈ ነው፤ ሴቶችና ሕፃናት ፍራሽ ተሸክመው። ሱቁን ከውስጥ ቀርቅረን ተቀምጠናል። የባሻው ሚስት በመስኮት ጠራችኝ፦ "ነይ እንሂድ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

እውነትም ምን?

"ልሂድ ካልሽ አልይዝሽም" አለች ሸምሳ። አልሄድኩም።

ሰኔ 19

መጣ።

ነገ እጽፋለሁ።

ሰኔ 20

ከዲላ በመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ መካከል። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ከሌሎቹ ጋር ወጥቶ። አላወቅሁትም። ሽማግሌ መስሎኝ "ምን ልርዳዎ፣ አባቴ?" አልኩት። እሱ ነው ያወቀኝ። ስሜን ጠራ፣ ቀስ ብሎ።

ሸምሳ እልል ማለት ጀመረች፤ ፊቱን ስታይ አቋረጠችው።

አበቦቹን አሳየሁት። "አስመሬዋ ናት፣ ሁሉም የእሷ ልጆች ናቸው" አልኩት። "እሺ" አለ። ምንም ብናገር እሺ ነው።

ሰኔ 23

ምሳ እየበላን ብድግ አለ። በሩ ጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ልውጣ?" አለ።

የሚቀልድ መሰለኝ። "ወዴት?"

"ሽንት ቤት።"

"ውጣ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ሮጦ ሄደ፣ ሮጦ መጣ። ተቀመጥ እስክለው ቆሞ ቀረ።

ሰኔ 30

ለሁሉም ነገር ይጠይቃል። ውሃ ልጠጣ? ልተኛ? ጫማዬን ላውልቅ? "ቤትህ ነው፣ አትጠይቀኝ" አልኩት። "እሺ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ልውጣ?"

ዛሬ ጮህኩበት። በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ከለለ። ጓሮ ወጥቼ ጣሳዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ይሄንን ነው የጠበቅኩት? እንዲህ ማሰቤስ... ሸምሳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። "የእኔ ወንድም እንዲህም ሆኖ ቢመጣ" አለች።

ሐምሌ 8

ትልቋ ወደ ጎን ዘመመች። እንጨት ተክዬ ግንዷን በሲባጎ ላስር ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"አትሰሪያት።"

ዞርኩ። ጉግሳ ነው፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ከመጣ ጀምሮ፣ ፈቃድ ከመጠየቅ ሌላ፣ በራሱ የተናገረው ይህ የመጀመሪያው ነው። የእጁን አንጓ ያሻል። ጠባሳው እንደ አምባር ዞሯል።

ሲባጎውን ጣልኩት። በድንጋይ ደገፍኳት።

ሐምሌ 21

ጠዋት ጓሮ ነበርኩ፣ ለነርሷ ጎረቤት አንዲት ቁራጭ አፈር ሳለብስ። የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ሰማሁ። ሸምሳ መስላኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። ኋላ ቀና ስል ጉግሳ የሚቀመጥበት በርጩማ ባዶ ነው። ክፍሉም ባዶ።

በባዶ እግሬ ወደ መንገድ ወጣሁ። ገበያው አካባቢ ደርሷል፣ ቀስ እያለ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ። ልጠራው አፌን ስከፍት ሸምሳ ከሱቋ በር ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ማንን እንደሚፈልግ አውቄአለሁ። ካየኝ ይጠይቀኛል። በሩ ጀርባ ተደበቅኩ። በስንጥቁ ሳይ ጥቂት ቆሞ ቆየ... ከዚያ ፊቱን አዞረና ሄደ። ከፍየል ነጋዴዎቹ መሃል ገብቶ ከዓይኔ ተሰወረ።

አፈር በያዘው እጄ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ሸምሳም አየችኝ፣ ኦቦ ዓብዱልባሲጥም አየኝ። ይዩ።

ፀሐይ ሳትበርድ ተመለሰ። ጫማው አቧራ ነው። ማንም ሳይለው ተቀመጠ።

የት ነበርክ ብዬ አልጠየቅኩትም።